የጠገበ ፊደል

ጅማ ፊደልን እንደ ጫጉላ ሙሽራ ቀልባ ይዛዋለች። ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ብትሄዱ አንድ የከሳ ፊደል አታገኙም። ታፔላው፣ ባነሩ፣ የባጃጁ ጀርባ፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ድቡልቡል፣ ጉንጩ የሞላ ነው። ማዕዘን የሚባል ነገር አያውቅም። እንደ ጅማ በርጩማ ዘርፈጥ ብሎ ይቀመጣል። እሰየው!

ፈረንጆቹም ይህን ዓይነት ፊደል ከያዙት ቆይተዋል። የቺካጎው ኦስዋልድ ኩፐር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 «ኩፐር ብላክ» የተባለውን አወጣላቸው። እነሱ ግን ስስታም ናቸው። ለአርዕስት ብቻ፣ ሁለት ሦስት ቃል፣ ከሩቅ እንዲታይ፣ በቃ። እኛ ሙሉ አንቀጽ እንጽፍበታለን።

እርግጥ «ማር» ተብሎ ሲጻፍበት ያምራል። አልክድም። ፊደሉ ሊንጠባጠብ የደረሰ ይመስላል፤ ሳይቀምሱት ይጣፍጣል። ታዲያ ለምን ማር ላይ እንቆማለን? በቀደም አንድ ባነር ከሩቅ አየሁ። እንደ አይስክሬም ያበጠ ጽሑፍ ነው። ልደት መስሎኝ ፈገግ እያልኩ ቀረብኩ። «የቀብር ሥነ ሥርዓት» ይላል። ሐዘንተኞቹ ከነፈገግታዬ አዩኝ። አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ «እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ» የሚለውን በዚሁ ፊደል፣ በቀይ፣ ግድግዳውን ሞልቶ ጽፎታል። በሽተኛ የሚያባንን ዝምታ!

ትልቁ ውለታው ግን ለፊደል ገበታችን የዋለው ነው። የ«ቤ» እግር ላይ ትንሽ ቀለበት አለች። ኃምሱን ከሣልሱ የምትለየው እሷ ናት። ፊደሉ ሲወፍር ቀዳዳዋ ይደፈናል። ይኸው በየሰፈሩ «ምግብ ቢት»፣ «ልብስ ስፊት» እያልን እናነባለን። ለልጆቻችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት የነበረው ስድስት ሆነላቸው። ይህን ያህል ሸክም ያቀለለ ማን አለ?

ታፔላው ላይ ኦሮምኛው አለ፤ አናባቢው ሲረዝም ፊደል ይደግማል። አማርኛው ይከተላል። እንግሊዝኛውም አይቀርም። ሦስቱም ሲወፍሩ ቦታ ያልቃል። የሚከሳው ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። ሱቁ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ይታያል። ለመደወል ግን መሰላል ተውሶ መምጣት ነው።

ባለፈው ሳምንት የእድራችንን ማስታወቂያ ላሳትም ሄድኩ። ሃያ መስመር ነው። «ቀጠን ያለ ፊደል አድርግልኝ» አልኩት ልጁን። ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ በሐዘኔታ አየኝ።

«ጋሼ፣ የምናስከፍለው በካሬ እኮ ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም ዋጋው አንድ ነው።»

ትንሽ አሰብኩ።

«በል አወፍረው» አልኩት።