ያልተመዘገቡ 17 ሰዓታት

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የአበሻ ቡና ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ታላቃችን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ መሥሪያ ቤቶች በኮንትራት እየተዘዋወረ ኮምፒውተር ሲጠግን 18 ዓመት ሆኖታል። ደመወዙን የሚከፍለው ኤጀንሲ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበር ግን ሁልጊዜ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ስድስት ወር እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ። በሄደበት ሁሉ አዲስ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ በሄደበት ሁሉ የሠራተኞቹ የበዓል ግብዣ እሱን አይመለከተውም።

ክርክሩን ያስነሣችው አንዲት ዓርብ ናት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024፣ እኩለ ሌሊት ገና እንዳለፈ፣ አንድ የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የተበላሸ ማሻሻያ ለቀቀ። ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢመልሰውም፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተጎድተው ነበር፤ ሰማያዊ ገጽ እያሳዩ አንነሣም አሉ። ጥገናው አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነው። ነገር ግን ያልተነሣ ኮምፒውተር ከሩቅ አይታዘዝምና ሰው እያንዳንዱ ዘንድ በእግሩ መድረስ ነበረበት። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ለየላፕቶፑ የተለየ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ በእጅ ይጻፋል።

ታላቃችን ከሰኞ እስከ ሐሙስ 32 ሰዓት ሠርቶ ነበር። ዓርብ 12፣ ቅዳሜ 9፣ እሑድ 4 ጨመረበት፤ በድምሩ 57። በሰዓት መመዝገቢያው ላይ የሞላው ግን 40 ነው።

«ለምን?» አለች በአንድ ሆስፒታል ደመወዝ ክፍል የምትሠራው ወዳጃችን።

«ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከ40 በላይ መመዝገብ ክልክል ነው የሚል ኢሜይል ልከውልናል። ኮንትራቴ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ያበቃ ነበር።»

በዚያው ሙያ ሥልጠናውን በቅርቡ የጨረሰው ወጣት ፈጥኖ ደገፈው። «ጋሼ ትክክል ነው ያደረጉት። የኮንትራት ሠራተኛ ሀብቱ ስሙ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ ሰዓት ሲከራከሩ ቢገኙ ማን ያድስልዎት ነበር?»

«አደሱልህ?» አለች እሷ።

ታላቃችን ስኒውን ጥቂት አሽከረከረ። «አላደሱልኝም። በጀት ተቀነሰ አሉ።»

«ቢሆንም መልካም ስም ይከተላቸዋል» አለ ወጣቱ።

«የቱ ስም? የሚቀጥለው ኤጀንሲ ስለዚያች ዓርብ ምን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ ያለው 40 ሰዓት ነው።»

ታላቃችን ተቆጣ። «የያዘኝ ፍርሃት ብቻ መሰላችሁ? ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ላፕቶፗን አቅፋ ቆማ ነበር። ሰኞ የሠራተኛውን ደመወዝ የምታስገባው እሷ ናት። ጥያት ልሂድ?»

«ማን ጥለሃት ሂድ አለህ፣ ወንድሜ? ሥራ፤ ግን ጻፍ!»

እሱም የመጨረሻ መልሱን አመጣ። ኤጀንሲው እንደነገረው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆነና በሰዓት 32 ዶላር ስለሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ሕግ አይመለከተውም።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የ1938ቱ የአሜሪካ ፌዴራል የሥራ ሕግ በሰዓት 27.63 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያገኙ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ነጻ ያወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ሥራ ሲስተም መተንተን፣ መንደፍ ወይም ፕሮግራም መሥራት መሆን አለበት። የፌዴራሉ ሥራ ሚኒስቴር በኦክቶበር 2006 ስለዚሁ የድጋፍ ሥራ ተጠይቆ በሰጠው ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር መትከል፣ ማስተካከልና ብልሽት መፈለግ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አይገባም ብሏል። ያልታዘዘ ሥራም ቢሆን አሠሪው እያወቀ ከፈቀደው የሥራ ሰዓት ነው። አለቃው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ስንት ቀሩ?» ብሎታል። ታዲያ አላወቁም ሊባል ነው?

በአንድ ነገር ግን ከእሷ እለያለሁ። ጥፋቱን በእሱ ላይ አድርጋ ነበር የምትቆጣው። ያን ኢሜይል የጻፈው እሱ አይደለም። 18 ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል እየተነገረው የኖረ ሰው 40 ብሎ ቢሞላ አያስደንቀኝም። የሚያናድደኝ ይህን ፍርሃት አስልቶ ደንብ አድርጎ የሚጽፈው ነው። እንደ ግል ተቋራጭ ራሱን ችሎ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እሱ ግን ግብሩ ከደመወዙ የሚቆረጥለት ተቀጣሪ ነው። ከ40 በላይ የሠራው 17 ሰዓት በመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ሲታሰብ 816 ዶላር ይሆናል። ለመጠየቅ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ አሠሪው ሆን ብሎ ጥሶት ከሆነ ሦስት።

ልንለያይ ስንነሣ አንድ ነገር ነገረን። ከድሮ ጀምሮ የሚይዛት ትንሽ ደብተር አለችው፤ የእያንዳንዱን ላፕቶፕ ቁጥር፣ ክፍሉን፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ይጽፍባታል። የዚያች እሑድ የመጨረሻው መስመርም አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞልን ይመጣል፤ እሷም የሒሳብ መሣሪያዋን።