ፓፍ ሱስ ያስይዛል፤ ክኒኗ ግን ትባረክ

እንደኛ ጠንቃቃ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሐኪም ለአንዲት የአስም ታማሚ ፓፍ ባዘዘ ማግስት ቤተሰቡ በሙሉ ይሰበሰባል። አክስት ትጠራለች። አሜሪካ ያለው አጎትም በስልክ ይጠየቃል፤ ሥራው ታክሲ መንዳት ቢሆንም የሰው አገር የኖረ ሰው ያውቃል። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል። «ፓፍ እንዳትጀምሪ! አንዴ ከጀመርሽ አይለቅሽም። ሱስ ነው።» ልጅቷ ያላገባች ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ቦርሳዋ ውስጥ ፓፍ የተገኘባትን ልጅ ማን ደፍሮ ያጫል? ስለዚህ ሲያፍናት ሽንት ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ በድብቅ ትስባለች። ሲጋራ የሚያጨሰው ወንድሟ እንኳ እንዲህ አይሸሸግም።

ያው ቤተሰብ ትንሿን ነጭ ክኒን ሲያይ ግን ፊቱ ይፈካል። ፕሬድኒሶሎን! ስብሰባ የለም። አክስት አትጠራም። አጎትም በሰላም ይተኛል። የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ፍሬው ስንት ነው?»

ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብትላቸው አያምኑህም። የአስምን ብግነት የሚያበርደው ፓፍ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ ኮርቲኮስቴሮይድ (በአጭሩ ስቴሮይድ) ነው። ፕሬድኒሶሎንም ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። የሚለያዩት በመጠናቸውና በሚሄዱበት መንገድ ነው። ቤክሎሜታዞን በአንድ ሲሳብ ብዙውን ጊዜ 100 ወይም 200 ማይክሮግራም ይሰጣል። አንድ ሚሊግራም ደግሞ 1000 ማይክሮግራም ነው። አስም ክፉኛ የተነሳበት አዋቂ በቀን 40 ሚሊግራም ያህል ፕሬድኒሶሎን ሊታዘዝለት ይችላል። ወደ ማይክሮግራም ቀይሩት፤ 40,000። እርግጥ የሁለቱ ጉልበት እኩል ስላልሆነ በሚዛን ብቻ አይነጻጸሩም። ቢሆንም ፓፉ በቀጥታ የሚሄደው ወደ አየር ቧንቧ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ክኒኗ ግን አጥንቱንም፣ ዓይኑንም፣ ስኳሩንም፣ ጨጓራውንም ሳትጎበኝ አትመለስም። እኛም በጥበባችን የታመመው ቦታ ብቻ የሚሄደውን ፈርተን፣ አገር ምድሩን የምታዳርሰውን መርጠናል።

በቅርቡ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ይዤ ይህን ጥበብ በዓይኔ አየሁት። ከፊቴ ያሉት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉ።

«ልጄ፣ ያቺን ትንሿን ነጭ ስጠኝ።»

«የትኛዋን እማማ? ስሟን ያውቁታል?»

«ስሟን ምን አውቄ! ያቺ ምላስ ላይ ስትቆይ የምትመርረው።»

«ፕሬድኒሶሎን?»

«እሷ! ተባረክ።»

«ማዘዣ ይዘዋል?»

«የምን ማዘዣ? ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። ለጉልበቷ ወስዳው ዳገቱን እንደ ልጅ ነው የምትወጣው።»

«እርስዎም ጉልበትዎን ነው የሚያምዎት?»

«ኧረ እኔስ ሳይነስ ነው። ጠዋት ጠዋት ማስነጠሱ፣ አፍንጫዬ መዘጋቱ…»

«ስኳር ወይ ደም ግፊት አለብዎት?»

«ሁለቱም አለብኝ። እነሱ ሌላ ናቸው፤ የራሳቸው ክኒን አላቸው።»

ከኋላ አንዱ «ስጣቸውና እንሂድበት!» አለ። ልጁ ግን ጨዋ ነበር። ክኒኗ ስኳርዎን ከፍ ታደርገዋለች፣ ግፊትዎንም እንደዚያው አላቸው። ሐኪም አይቶ ካዘዘልዎት ለእንዲህ ዓይነቱ አለርጂ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ስቴሮይድ አለ፣ ወደ ሌላው አካል የሚገባው በጣም ጥቂት ነው ብሎ ማስረዳት ጀመረ። እናት ከልባቸው ሳቁ።

«አፍንጫዬን ልትረጨኝ? ሱስ ልታስይዘኝ!»

ብለው ወጡ። መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ፋርማሲ አለ። ከሱ ጎን ደግሞ ሌላ።

በእውነት ክኒኗ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ላዋላት ሴት የክኒኗን ዘመድ ኮርቲዞንን ሲወጓት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ግኝቱ ለሄንች፣ ለኬንዳልና ለራይክሽታይን የ1950ን የኖቤል ሽልማት አስገኘ። የእማማ ጎረቤት ያየችው ተአምር እነሱም ያዩት ነው። ታዲያ እነሱ ቀጥለው ሌላም ነገር አዩ። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ይመለሳል። በብዛት ሲሰጥ ፊት ይነፋል፣ ሌላም ጣጣ ይመጣል። እኛ ግን የተረቱን ደስ የሚለውን ክፍል ሰምተን ቡና ልናፈላ ተነሳን።

የፊቱን መነፋትማ ባናነሳው ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም እኛ ጋ የጎን ጉዳት ሳይሆን ምርቃት ነው። ክኒኗን ወር ሁለት ወር የዋጠች ሴት ጉንጯ ሞልቶ፣ ፊቷ ክብ ሆኖ ሰርግ ቤት ስትገባ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። «ውይ ተመቸሽ! ምን አግኝተሽ ነው?» እጅና እግሯ መቅጠኑን፣ ከወንበር ስትነሳ ጉልበቷን መደገፏን ማንም ልብ አይልም። ይህን ምቾት ፈልገው፣ ምንም ሳያማቸው፣ ለመወፈር ብቻ የክኒኗን እህት ዴክሳሜታዞንን የሚውጡም አሉ። «ዴክሳ» ይሏታል በቁልምጫ። አጥንት ሲሳሳ ድምፅ የለውም። በልጅነት ገብቶ ሳንባ ውስጥ የተኛ ቲቢ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ሊነሳ እንደሚችልም ጉንጭ ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ ሱሱ እንመለስ፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የፈረደበት ጉዳይ ስለሆነ። ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። የሰውነታችንን የራሱን ስቴሮይድ በየቀኑ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ክኒኗ ለሳምንታት ከውጭ ስትገባላቸው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሐኪም ለ5 ወይም ለ7 ቀን አዝዞ ሲያቆም ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ለወራት ስትውጥ የቆየችን ሰው ግን ክኒኑ አለቀባት ብሎ በአንድ ቀን ማስቆም አቅል ሊያስት፣ ግፊትን ሊጥል፣ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቀስ በቀስ የሚቀንሱት። እንግዲህ ፓፉ ሱስ ነው። ክኒኗ ግን ድንገት ስትቋረጥብህ ትወድቃለህ እንጂ ሱስ አይደለችም። ልዩነቱ ለማንም ግልጽ ነው።

ፓፍን በጅምላ እንጠላለን ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። ሰማያዊውን እንወደዋለን። ሳልቡታሞል ነው፤ ስቴሮይድ የለበትም። በደቂቃዎች ውስጥ ደረት ይከፍታል። ውስጥ ያለውን ብግነት አይነካም፤ ግን ማን ውስጥ ያያል? ስቴሮይዱን ፓፍ ስበህ ወዲያው ምንም አይሰማህም። ጥቅሙን ለማየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት በየቀኑ መሳብ አለብህ። «ሦስት ቀን ሳብኩት፣ ውሃ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቅር ብሏል። ይበል። እኛ ሰማያዊዋን በወር ሁለት እየጨረስን በመካከሉ በክኒኗ እንጠግናለን።

ቅባቱንም ሳላመሰግን ባልፍ ኮስሞቲክስ ቤቶች ይቀየሙኛል። ሰርግ ሲቃረብ አንዷ ሚዜ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ክሬም ይዛ ትመጣለች። ለማድያት ነው፣ ለብጉር ነው፣ ለጠባሳ ነው፣ ለሁሉም ነው። ሳጥኑ ላይ በደቂቅ ፊደል ክሎቤታሶል ይላል። ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ፊት የሚቀባ አይደለም። በሁለት ሳምንት ፊቷ ፈክቶ ፎቶው ያምራል። ከጫጉላው በኋላ ቆዳው ሲሳሳ፣ ደም ሥሩ ሲታይ፣ ብጉሩ ሲፈነዳና ፊቷ ሲቃጠል መፍትሔው ቀላል ነው፤ ያንኑ መልሶ መቀባት። ጭርት ላይ ሲቀቡትም ተአምሩ አይጣል ነው። ቅላቱና ማሳከኩ ጋብ ይላል። ፈንገሱም ማንም ሳያየው ተመቻችቶ ይስፋፋል።

በሰኔ 2012 የኮቪድ ዜና ሲመጣም አላሳፈርንም። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ጥናት ኦክስጅን ላይ ላሉ ታማሚዎች በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ጥቅም አልታየበትም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ረዘመብንና ለመጠባበቂያ ገዝተን ቤት አስቀመጥን።

የልጆቹ ዓይን ጠብታ ነገርማ ራሱን የቻለ ውዳሴ ይገባው ነበር። ልጁ ዓይኑን ያሸዋል፣ ይቀላበታል። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ይደረግለታል፤ በማግስቱ ነጭ፣ ጥርት ያለ ዓይን። በየወሩ ይገዛል። ዓይን ውስጥ ግፊት ሊጨምር እንደሚችል፣ ያም የማየት ነርቩን ገድሎ ብርሃን ሊያሳጣ እንደሚችል ግን ጠብታው አይናገርም። ስለዚህ ሳይለካ ይቀጥላል።

የሚያስቸግሩን እንግዲህ ሐኪሞቹ ናቸው። ፓፉን ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥሙጡ ይሉናል፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል፣ ድምፅም ይሻክራል። በሦስት ወር ተመለሱ፣ ደህና ከሆናችሁ መጠኑን እንቀንሳለን ይላሉ። አንዲት እናት «ልጄን አያሳጥርብኝም?» ብላ ስትጠይቅ ደግሞ እውነቱን ይነግሯታል። ለዓመታት በየቀኑ ሲሳብ በቁመት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ያልታከመ አስምም ዕድገት ይጎዳል። እናት የሰማችው ሴንቲ ሜትሯን ብቻ ነው። ልጁ ባለፈው ክረምት ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ እንዳደረ፣ ስንት ጊዜ መርፌ እንደተወጋ ለመቁጠር ሜትር አልተሠራም።

በዚህ ላይ ሐኪሟ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ልጁ ፓፉን በደንብ መሳብ ሲያቅተው ባዶ ሃይላንድ አነሳች። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስታው ፓፉን ሰካችበት። ልጁ ከወዲያ በኩል በአፉ ይዞ በእርጋታ እንዲተነፍስ አሳየችው። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከሚቀር ወደ ሳንባ በደንብ ይገባል፤ ስፔሰር የሚባለውን የፓፍ መሳቢያ ዕቃ መግዣ ለሌለው እንዲህ ይሠራል አለች።

አባት ከግቢው እስኪወጣ ራሱን ያዘ። ከዚያ «ለሃይላንድ ነው ካርድ አውጥቼ ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት?» አለ። ልጁን ታክሲ ውስጥ አስገብቶ መርፌ የሚወጋ ክሊኒክ ፍለጋ ሄደ።