ሙዚቃ መቅረጫ ስንላችሁ የወሬ ማይክ አትስጡን

ይሄ ነገር ውስጤ ከተጠራቀመ ቆይቷል፣ ዛሬ ልተንፍሰው፣ ረጅም ነው ታገሱኝ።

ባህርዳር ላይ የላይቭ ሙዚቃ በስርዓት የሚቀርፅ፣ በትንሽ ቦርሳ የሚያዝ፣ መብራት ቢሄድ በባትሪ ድንጋይ የሚሰራ፣ ዋጋውም ደመወዝተኛ ሰው ሊደርስበት የሚችል ሪከርደር ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? የለም። አለ የሚሏችሁ ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብታችሁ "ሪከርደር አለ?" ስትሉ ወይ ጋዜጠኛ ለቃለ መጠይቅ የሚይዛትን ቀጭኗን ያወጡላችኋል፣ ወይ ደግሞ ኮሌታ ላይ የምትቆነጠጠዋን የቲክቶክ ዋየርለስ ማይክ። "ይሄ ሙዚቃ ይቀርፃል?" ስትሉት "ኧረ ምን የማይቀርፀው አለ ወንድሜ፣ ኤችዲ እኮ ነው" ይላል። "ስንት ዲሲቤል ድረስ ይችላል?" ስትሉት፣ ምን ያህል ጩኸት ማለታችሁ ነው፣ ካርቶኑን ያገላብጥና "እስከ 64 ጂቢ ይቀበላል" ይላል። ልጁ አልዋሸም፣ አያውቅም፣ ግን ሳያውቅ ነው በውድ ዋጋ የሚሸጥልን፣ እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው።

እስኪ አንዴ በደንብ ልናገረው። ለሙዚቃ ስትገዙ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ማይኩ ምን ያህል ጩኸት ይችላል የሚለው ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ 60 ዲሲቤል አካባቢ ነው። አዝማሪ ቤት ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞንታርቦ ፊት ለፊት ተደግኖባችሁ፣ ከበሮው አጠገባችሁ እየተደለቀ፣ ሰዉ እያጨበጨበ እልልታው እየቀለጠ 100 ዲሲቤልን አልፎ ይሄዳል፣ የከበሮዋ ምት ብቻዋን ደሞ ለቅፅበት ከዛም በላይ ትወጣለች። ለወሬ የተሰራ ማይክ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። "ጌኑን (ሪከርደሩ ከማይኩ የመጣውን ድምፅ የሚያሳድግበትን መጠን) ዝቅ አድርገው" የሚል መካሪ አይጠፋም፣ ግን የሚሰነጠቀው ማይኩ ራሱ ላይ ከሆነ ጌኑ የሚመጣው ከዛ በኋላ ስለሆነ ዝቅ ብትሉ የምታገኙት ዝቅ ያለ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። ዙም የሚባለው ኩባንያ የሰራት ኤች1ኤን የምትባለዋ ትንሿ ሪከርደር የምትችለው 120 ዲሲቤል ድረስ ነው ብሎ ፋብሪካው ራሱ ፅፏል፣ የዚሁ ኩባንያ ኤች4ኤን ፕሮ ደሞ 140። 20 ዲሲቤል ትንሽ ልዩነት ይመስላል እንጂ በአየር ግፊት ሲሰላ 10 እጥፍ ነው። ቀረፃው ይሳካል ወይስ ይበላሻል የሚለውን የምትወስነው ይቺ ቁጥር ሆና ሳለ ሻጭ አይነግራችሁም፣ ካርቶኑ ላይ ብትፈልጓት አብዛኛውን ጊዜ የለችም፣ ዩቲዩብ ላይ ገምጋሚ ነኝ የሚለውም ፀጥ ያለ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሁለት ሶስት እያለ የራሱን ድምፅ ቀርፆ "ዋው ጥራቱ" ብሎ ይሄዳል። አንድ ሰው እንኳን ከበሮ አጠገብ አስቀምጦ አይሞክራትም።

"ስልክህ አይበቃም?" የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። አይበቃም! ስልክ ድምፁን በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከበሮው ሲመታ ደንግጦ ሁሉንም ያወርደዋል፣ ማሲንቆው አብሮ ይሰምጣል፣ ዝም ሲባል ደሞ መልሶ ያነሳውና የብርጭቆ ግጭትና የጎረቤት ጠረጴዛ ሳቅ ከማሲንቆው እኩል ይሆናል። ማሲንቆ እኮ የፈረስ ጭራ አንድ ክር ነው ያለው፣ ነፍሱ ያለችው ደጋኑ ጠበቅ ላላ ሲል በሚመጣው ከፍታና ዝቅታ ውስጥ ነው፣ እሱን ከደፈጠጥከው ምን ቀረህ? በቴሌግራም ቮይስ የሚቀርፅም አይቻለሁ፣ እሱ ደሞ ለመልእክት ተብሎ የተጨመቀና ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ) ነው፣ በቃ ይለፈኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አዝማሪ ቤት ውስጥ የሚቀረፀው ዘፈኑ ብቻ አይደለም። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ብድግ ብሎ "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው ቃል በቃል ተቀብሎ በማሲንቆ ሲመልስለት፣ ከዛ የራሱን አንድ ስንኝ ጨምሮ ሰውዬውን ሲወጋው፣ ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ፣ ሌላኛው ጠረጴዛ ደሞ በእልህ ተነስቶ መልስ ሲያቀብል፣ ሰሙም ወርቁም ያለው እዛ ቅብብል ውስጥ ነው። ከሚክሰር (የማይኮቹ ድምፅ ሁሉ ከሚሰበሰብበት መሳሪያ) በኬብል ብትቀርፁ የሚገባላችሁ በማይክ ያለፈው የአዝማሪው ድምፅ ብቻ ነው፣ ስንኙን የሰጠው ሰውዬ የለም፣ ጭብጨባው የለም፣ ማይክ ያልቀረበለት ከበሮም የለም፣ ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ ይቀራል። በሪከርደሩ የራሱ ማይክ ብቻ ብትቀርፁ ደግሞ ሁሉም ይገባል፣ ግን የሞንታርቦው ጩኸት ቃላቱን ይውጣቸዋል፣ ግጥም የማይሰማበት የአዝማሪ ቅጂ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ሁለቱንም ባንዴ የሚቀርፅ ነው የሚያስፈልገው፣ ሁለት ትራክ (ለየብቻ የሚቀመጥ ድምፅ) ከሚክሰር፣ ሁለት ትራክ ከራሱ ማይክ፣ ቤት ገብተህ ታዋህደዋለህ። ኤች1ኤን ይሄን አትችልም፣ ኬብል ስትሰካባት የራሷ ማይክ ይዘጋል። የሚችሉት እነ ኤች4ኤን ፕሮ፣ የዙሙ ኤች5፣ የታስካም ኩባንያው ዲአር-40ኤክስ ናቸው። እዚህ ጋ ነው ዋጋው የሚዘለው፣ እዚህ ጋ ነው እቃውም ከከተማው የሚጠፋው።

ኬብል መሰካቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሚክሰሩ ላይ ቀይና ነጭ ሆነው የተቀመጡ፣ ሬክ አውት የተፃፈባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ለዚሁ ስራ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ ድምፅ ከማውጣት በቀር ሚክሰሩን የሚጎዱት ነገር የለም። ግን የሳውንዱን ሰውዬ ስትጠይቁት "አይሆንም ያቃጥልብኛል" ይላል። ባለቤቱን ስትጠይቁ "እሱን ጠይቁ" ይላችኋል። እነሱ ሲመላለሱ ፕሮግራሙ ያልቃል፣ ባለፉት ዓመታት በነበረው ሁኔታ ደሞ እንደልብ የሚመሽበት ማታ ራሱ ስንት ነው? ሁሉም እንደዛ አይደሉም፣ አንዳንዱ ራሱ ኬብሉን ስቦ ሰክቶ "እኔንም ኮፒ ላክልኝ" ይላል፣ እግዜር ይስጠው። ኬብሉ ደሞ ከገበያ ሲገዛ አንደኛው ጎን ሞቶ ይመጣል፣ ግራው ይሰራል ቀኙ አይሰራም፣ ነካ ሲያደርጉት ይመጣል ሲለቁት ይሄዳል። ሪከርደሩን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ከሚክሰር ጋር ካገናኛችሁት ደግሞ ከመብራቱ የሚመጣው የ50 ሄርዝ እምምምታ ብዙ ጊዜ ቀረፃው ውስጥ ይገባል፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሰራ ይሁን ብዬ የምጨቀጭቀው መብራት ስለሚሄድ ብቻ አይደለም፣ ለዚህም ጭምር ነው።

ጣና ዳር ፕሮግራም ሲሆን ደሞ ንፋሱ አለ። ከሰዓት በኋላ ከሃይቁ የሚመጣውን ንፋስ የባህርዳር ሰው ያውቀዋል፣ ለሰው ደስ ይላል ለማይክ ግን ጠላት ነው። ከሪከርደሩ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ ለትንፋሽ እንጂ ለጣና ንፋስ አይሆንም፣ የሚያስፈልገው ፀጉራሙ መከለያ ነው፣ እሱን ከተማ ውስጥ ጠይቁና ሻጩ እንዴት እንደሚያያችሁ እዩ። "ሎውከት (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ) አብራበት" ይላሉ፣ እሺ ልክ ነው የንፋሱን ጉርምርምታ ይቀንሰዋል፣ ግን የከበሮው ወፍራም ድምፅም እዛው ታች ነው ያለው፣ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ደሞ ሁሉም ሰው የሚነግረኝ አዲስ መዝሙር መጥቷል፣ "32 ቢት ፍሎት ያለው ግዛ፣ ድምፅ አይሰነጠቅም"። ቴክኖሎጂው ጥሩ ነው አልክድም፣ ጌን ሳታስተካክሉ ቀርፃችሁ በኋላ ቤት ውስጥ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ግን ማይኩ ራሱ አቅሙ አልቆ ከተሰነጠቀ፣ ወይ ሚክሰሩ ቀይ መብራቱን እያበራ የተሰነጠቀ ድምፅ ከላከላችሁ፣ 32 ቢት የሚያደርገው ያንን የተሰነጠቀ ድምፅ በጥራት ማስቀመጥ ነው። ይሄን ሳይነግሩ "አይሰነጠቅም" ብሎ መሸጥ ደሃን መዝረፍ ነው።

ዋጋውንማ ተዉት። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ነጋዴው እኮ ድሮም በጥቁር ገበያው ነበር የሚያሰላው፣ ቢሆንም ምክንያት ሲያገኝ ደግሞ ጫነበት። ውጭ ሀገር 100 ዶላር አካባቢ ትሸጥ የነበረችዋ ትንሿ ኤች1ኤን እዚህ ስትደርስ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ በልታም አትጠግብም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ይለጥፉና ዋጋ ስትጠይቁ "ኢንቦክስ"። ኢንቦክስ ስትገቡ "እቃው አዲስ አበባ ነው፣ ግማሹን ቅድሚያ ላክ"። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ እቃ፣ በእጄ ሳልነካው፣ ሳልሞክረው፣ ደረሰኙ ላይ ደሞ "የተሸጠ እቃ አይመለስም" ተብሎ የታተመበት። ስልክ እንኳን ስንገዛ ካሜራውን ከፍተን ፎቶ አንስተን ነው፣ የድምፅ እቃ ሲሆን ለምንድነው በካርቶኑ አምነን የምንወስደው?

ሚሞሪ ካርዱም ሌላ ወጥመድ ነው። በ24 ቢት 48 ኪሎ ሄርዝ (የቀረፃ ጥራት መጠን ነው) በስቴሪዮ፣ ማለትም በሁለት ትራክ፣ ብትቀርፁ በሰዓት 1 ጂቢ ገደማ ነው፣ አራት ትራክ ሲሆን 2 ጂቢ፣ ስለዚህ እውነተኛ 32 ጂቢ ካርድ ለሙሉ ማታ ተርፎ ይቀራል። እውነተኛ ከተገኘ! 64 ተፅፎበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ገበያውን ሞልቶታል፣ ሲሞላ አይነግራችሁም፣ እየቀረፀ መስሎ ይቀጥላል፣ ቤት ስትገቡ ፋይሉ አይከፈትም። ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስከ ጫፉ ሙሉት፣ ከዛ መልሳችሁ ክፈቱት፣ ያን ያላለፈ ካርድ ይዛችሁ ፕሮግራም እንዳትሄዱ።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ በእድሜ የገፉ ባለማሲንቆ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ማታ ስለ አዲሱ የአባይ ድልድይ ከጠረጴዛ ስንኝ ተሰጥቷቸው እሳቸው በመለሱት መልስ ቤቱ ለደቂቃዎች አልተረጋጋም፣ ገንዘብ ግንባራቸው ላይ ይለጠፋል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። በነጋታው መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ልጄ፣ ያቺን የትናንቷን ይዘሃታል? እኔማ ጠፋችብኝ" አሉኝ። እሳቸው እዛው ፈጥረው እዛው የለቀቋት ናት፣ ደግመው አያመጧትም፣ የሰጣቸውም ሰው ሞቅ ብሎት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስንት ስልክ ተዘርግቶ ነበር መሰላችሁ፣ የሁሉንም ለምኜ ሰማሁት፣ በሁሉም ላይ ያለው ከበሮና ስንጥቅጥቅ ያለ ጩኸት ነው፣ ግጥሟ የለችም። የሳቸው ስራ በየማታው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ እኛ ደሞ እዚህ የኮሌታ ማይክ እየተሸጠልን ነው። ለሰርግ ድሮን የሚያስነሳ ከተማ አንድ አራት ትራክ ሪከርደር ማጣቱ ያንገበግባል።

እና ሻጮች፣ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከምታስመጡት መቶ የቲክቶክ ማይክ ጋር ሁለት ኤች5 ወይ ዲአር-40ኤክስ አብራችሁ አስመጡ፣ ከፀጉራም መከለያው ጋር፣ እኔ ብቻ አይደለሁም የምፈልገው፣ የባህል ቡድኖቹም የሰርግ ቀራጮቹም ይፈልጋሉ፣ እነሱን ጠይቋቸው። ያገለገለ ያለው ሰው ባህርዳር ውስጥ ካለ ደግሞ ይፃፍልኝ፣ ቧጨራ ቢኖረው ግድ የለኝም፣ ስክሪኑ የደበዘዘም ይሁን። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ከበሮና ማሲንቆ ባለበት ቤት ወስደን አንድ ዘፈን ሙሉ እንቀርፅበታለን፣ በጆሮ ማዳመጫ አብረን እንሰማዋለን፣ ግጥሙ ከተሰማ ብሩን እዛው እቆጥርለታለሁ።