ጉም ለቀስተኛ ይጠቅማል? የሚደራረቡ ሕጎችን ማን ይፍታ?

የክርክሩ መነሻ ይህ ነው። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርያትን በሚወክሉበት የሚና ጨዋታ፣ አንዲት ቀስተኛ 400 ጫማ ርቆ በቆመ ጠላት ላይ ታነጣጥራለች። ረጅሙ ቀስት እስከ 150 ጫማ ያለ ችግር ይደርሳል። ከዚያ አልፎ እስከ 600 ጫማ ድረስ ግን ዲስአድቫንቴጅ አለበት። ማለትም ባለ 20 ገጹ ዳይስ ሁለቴ ይጣልና ትንሹ ቁጥር ይያዛል። አድቫንቴጅ ሲሆን ትልቁ ይያዛል። አሁን ጠላት የቆመበትን ቦታ የአስማት ጉም ሸፈነው። ቀስተኛዋ የማታየውን ስለምትወጋ ሌላ ዲስአድቫንቴጅ መጣባት። ጠላትም እሷን ስለማያያት አድቫንቴጅ አገኘች። ሕጉ ሁለቱ ሲገናኙ፣ አንደኛው ወገን በቁጥር ቢበዛም እንኳ፣ ይጣፋሉ ይላል። ስለዚህ ዳይሱ አንዴ ብቻ ይጣላል። ጉም በመኖሩ ዒላማውን መምታት ቀለለ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረግ? አንዱ ለሕግ መጽሐፉ፣ ሌላዋ ትዕይንቱን ለምትመራውና ለምትዳኘው ጨዋታ መሪ ይሟገታሉ።

ለመጽሐፉ

ዳይሱ አንዴ ይጣል። መጽሐፉ ተናግሯል።

ውጤቱ ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ግን ይህ የአጻጻፍ ስህተት አይደለም። ሦስት ዲስአድቫንቴጅ ከአንድ አድቫንቴጅ ጋር ቢገናኝም ይጣፋል ተብሎ በግልጽ ተቀምጧል። በ2000 የወጣውን ሦስተኛ እትም የተጫወተ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ያኔ እያንዳንዱ ጭማሪ የራሱ ዓይነት ነበረው። የቱ ከየቱ ጋር ይደመራል እያሉ አንድ ቀስት ለመወርወር ወረቀት ማገላበጥ ነበር። የ2014ቱ አምስተኛ እትም አብዛኛውን ቆጠራ ገላገለን። አልፎ አልፎ እንግዳ ውጤት ይወጣል። እኔ ይህን ዋጋ በደስታ እከፍላለሁ።

ደግሞ ግራ የሚያጋባ ከሚባለው ውስጥ ብዙው በደንብ ስላልተነበበ ነው። የባርባሪያን (ቁጡ ተዋጊ) እና የመንክ (ተዋጊ መነኩሴ) ሙያ ያለው አንድ ገጸ ባሕርይ እንውሰድ። ሁለቱም ሙያዎች ያለ ጥሩር ራስን መከላከያ ስሌት አላቸው። ቅልጥፍናው 3፣ የሰውነት ጥንካሬው 2፣ ማስተዋሉ 2 ቢሆን፣ ብዙ ሰው ሁሉንም 10 ላይ ደምሮ 17 ሊል ይፈልጋል። መልሱ 15 ነው። አንዱ ስሌት ብቻ ይያዛል እንጂ ማጣመር አይቻልም። ሌላም ልጨምር። አጠገብህ ጠላት ቆሞ ከርቀት መሣሪያ ብትተኩስ ዲስአድቫንቴጅ አለብህ። በ2014ቱ እትም ክሮስቦው ኤክስፐርት የሚባለውን ችሎታ የወሰደ ሰው ግን የለበትም። ልዩው ሕግ አጠቃላዩን ይሽራል ተብሎ ገና መግቢያው ላይ ተጽፏል። የሚጣላ ነገር የለም።

ለጨዋታ መሪዋ

ወንድሜ፣ የመንኩን ነገር እቀበላለሁ። እሱ ላይ ማንም አይከራከርም። የእኔ ጉዳይ ሕጉ በትክክል ተነቦ፣ ግልጽ ሆኖ፣ ግን ትዕይንቱን ሲያፈርስ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ቀስተኛዋ ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋት እንበል። ጥርት ባለ አየር፣ በዚያ ርቀት፣ ዕድሏ 25 በመቶ ነው። ጉሙ ሲወርድ 50 በመቶ ይሆናል። እጥፍ! ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች እኮ ሜዳውን በዓይነ ሕሊናቸው እያዩት ነው። ከእነሱ መሃል አንዱ «ጉም ስላለ እንጠጋ» ማለት ሲገባው «ጉም ስላለ ከሩቅ እንምታ» ካለ፣ ስለ ሜዳው ማሰቡን ትቶ ስለ ወረቀቱ እያሰበ ነው። የሚና ጨዋታን የምወደው ተጫዋቹ ከሁኔታው ተነስቶ ስለሚወስን ነው። ሁኔታው ትርጉም ካጣ የሚወስንበት መሬት የለውም።

የእኔ ብይን አጭር ነው። ሁለቱም ካልተያዩ፣ አለመታየት ለማንም ጥቅም አይሰጥም። ዲስአድቫንቴጁ ይቆያል። ይህን ለማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ቆጠራም አይመልስም።

ለመጽሐፉ

አሥር ሰከንዱ የአንቺ ነው፣ እህቴ። ጉሙን የፈጠረችው ተጫዋች ግን ከዚያ በላይ አውጥታበታለች። በ2014ቱ እትም ሶርሰረር (አስማተኛ) በመጀመሪያ ደረጃዋ፣ ጥቃቅኖቹ ካንትሪፖች ሳይቆጠሩ፣ የምታውቀው ሁለት ድግምት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን ጉም አድርጋለች። ቤቷ ቁጭ ብላ ሕጉን አንብባ፣ ከጓደኛዋ ቀስት ጋር አስልታ ነው የመጣችው። ልክ ልትጠቀምበት ስትል «ትርጉም አይሰጥም» ብለሽ ወሰድሽባት። በሚቀጥለው ሳምንት ምን ታቅዳለች? የአንቺን ፊት እያየች መገመት ብቻ ነው የሚቀራት። ትርጉም የሚሰጠውና የማይሰጠው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ካለ፣ ሌላው ሰው መጫወት አይችልም፤ ማስፈቀድ ነው ሥራው።

ለጨዋታ መሪዋ

ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ ሳልመልስለት አላልፍም። ግን መጽሐፉም ቢሆን እንዲህ ያለ ዋስትና አልሰጣትም።

በ2014ቱ እትም ስለ መሰወር የተጻፈውን አስታውስ። የተሰወረ ሰው ሲያጠቃ አድቫንቴጅ አለው፤ እሱን የሚያጠቃ ዲስአድቫንቴጅ አለበት። ታዲያ ጠላቱ የተሰወረን የሚያሳይ ድግምት ቢኖረውስ? ፊት ለፊት እያየው ነው! ጽሑፉ እንደ ቃሉ ከተወሰደ ግን ጥቅሙ አይቀርም። ድግምቱ እንዲያይ ያደርገዋል እንጂ የሌላውን ጥቅም አያነሳም። ብዙ ጨዋታ መሪ ይህን አንብቦ «እያየው አይደለም እንዴ?» ብሎ በራሱ ፈረደ። በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ ሲወጣ፣ በሆነ መንገድ የሚያይህ ሰው ላይ ይህ ጥቅም አይሠራም ተባለ። አሥር ዓመት ሙሉ በትዕይንቱ የፈረዱት ሰዎች ያሉት እሱን ነበር።

ሌላ ጨዋታ ውሰድ። በ2019 የወጣው የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም ጭማሪዎችን በሦስት ዓይነት ከፍሎ፣ ከአንድ ዓይነት ትልቁ ብቻ ይያዝ ይላል። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ መጽሐፍ እንኳ፣ የአንድ ሕግ አጻጻፍ ችግር ከፈጠረ ወይም እንደታሰበው ካልሠራ፣ ከቡድናችሁ ጋር መፍትሔ ፈልጉ ብሎ ያዛል።

ለመጽሐፉ

«ከቡድናችሁ ጋር» የምትለዋ ላይ ቁሚ። ዳይሱ እየተንከባለለ መሪው ብቻውን ይበይን አላለም። የመሰወሩም ነገር የተስተካከለው ጽሑፉ ተቀይሮ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ገና ሳይጫወት ያውቀዋል። የምጠይቀው እሱን ነው።

በተደራጁ የጨዋታ መርሐ ግብሮች፣ ለምሳሌ በአድቬንቸረርስ ሊግ፣ ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከማያውቀው መሪ ዘንድ ይቀመጣል። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ጉሙ በየጠረጴዛው የተለየ ከሆነ ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው?

ለጨዋታ መሪዋ

እዚያ በመጽሐፉ እሄዳለሁ። ለማያውቁኝ ሰዎች የእኔ ብይን ድንገተኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን የጋራችን ነው። ለዓመታት አብረን የምንጫወት ሰዎች ግን ሌላ ነን።

ስለ ሶርሰረሯም ላንሳ። ብይኔን የምናገረው ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ነው። «በእኔ ጠረጴዛ ይህ ጉም ቀስተኛዋን አይጠቅማትም፤ ሌላ ነገር ታደርጊያለሽ?» እላታለሁ። ድግምቱም ገና አልወጣም፤ ተራዋም አልባከነም። እኔ የማጫውታቸው ጠላቶች፣ ጎብሊኖቹም፣ በጉም ውስጥ ሲወረውሩ ያው ብይን ይይዛቸዋል።

ለመጽሐፉ

ተራዋ ተመለሰላት እንበል። ከሁለት ድግምቶቿ አንዱ ግን ያሰበችው ሆኖ አልተገኘም። እሱንስ ትቀይራለች?

ለጨዋታ መሪዋ

ትቀይር። ያለ ምንም ቅጣት፣ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት።

ለመጽሐፉ

እንግዲያው ብይኑ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ የሌለው ነገር ሁሉ በመጽሐፉ ይዳኝ።

ለጨዋታ መሪዋ

መጻፉን እቀበላለሁ፤ አሁንም አንድ ገጽ አለን፣ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንሰጠው እሱን ነው። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ሲገጥመን መጽሐፉ ይነበባል፣ ትዕይንቱም ይታያል። ሁለቱ ካልገጠሙ ዳይሱ ሳይጣል ተጫዋቾቹን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ።

ለመጽሐፉ

እኔ ደግሞ ሁለቱ ካልገጠሙ ለዚያ ቀን መጽሐፉን ይዤ እቀጥላለሁ። ለውጡን ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንነጋገርበታለን፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይሠራል።