ጠራቢው ያልተጠየቀ ቦርኮቶ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጋብዤ፣ ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ አንድ ቦርኮቶ፣ ማለትም መቀመጫም የአንገት ማሳረፊያም የሚሆን የተጠረበ እንጨት፣ አየሁ። የተቀመጠው ተገልብጦ ነው፤ ጠፍጣፋ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሟል። ወዳጄ «ከቱርሚ የሰኞ ገበያ የገዛሁት ነው፤ የሐመር ነው» አለኝ በኩራት። ማን ጠረበው? ከምን እንጨት? አያውቅም። ሻጩ አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም።

ቦርኮቶ በደቡብ ኦሞ የሐመር ወንድ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ነው። ቀን ከብት ሲጠብቅ ወይም ከሽማግሌዎች ጋር ሲመክር ይቀመጥበታል፤ ሌሊት አንገቱን ያሳርፍበታል። ካሮዎች፣ ዳሰነቾችና ኛንጋቶሞችም የየራሳቸው ቅርጽ ያለው አላቸው። ደገኛው አያቱ ቤት የሚያውቀው ብርኩማ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ሰው ጸጉሩን በሸክላ አፈር ለብጦና ቀለም ቀብቶ፣ የሰጎን ላባ ይሰካበታል። ይህን ያህል የተደከመበት ጸጉር መሬት ነክቶ እንዳይበላሽ ራስን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦርኮቶ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ጌጥን ለመጠበቅ ነው።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ደግሞ ያስደንቃል። ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ከአንድ እንጨት በመጥረቢያና በቢላዋ ተፈልፍሎ ይወጣል። ጠራቢው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የእንጨቱን ጅማት ነው። ጅማቱ በቀጭኑ አንገት ላይ አግድም ካለፈ፣ ሰው የተቀመጠበት ዕለት እዚያው ላይ ይሰበራል። እርጥብ እንጨት ለቢላዋ ይመቻል፤ ፈጥኖ ከደረቀ ግን ይሰነጠቃል። ይህንን ሁሉ የሚያመዛዝነው በዓይኑና በእጁ ነው። በኮምፒውተር ወንበር የሚነድፈውን ባለሙያ ንድፍ አውጪ እያልን፣ ይህን ሰው «የአካባቢው ነዋሪ» ብለን እናልፈዋለን።

እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕል የሠዓሊውን ስም ሳይጽፍ የሚሰቅል ማን ነው? ከቦርኮቶ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብሔረሰቡን ስም ጠርቶ ያበቃል። እዚያ ግድም ማንም ለራሱ ይጠርባል፣ ዕውቀቱ የጋራ ነው፣ ፊርማ የባህሉ አይደለም የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ ጠይቀን ይከልክሉን። ስሙ እንዳይጻፍ የፈለገ ጠራቢ ቢኖር እንኳ የመንደሩና የእንጨቱ ስም፣ የተሠራበትም ዓመት አይታጣም። በተለይ የእንጨቱ። ዛፉን በስሙ ካልመዘገብነው፣ ከአካባቢው ሲመናመን ቦርኮቶም አብሮት እንደሚሄድ ማን ያስተውላል?

መመዝገብ የማንችል ሆነን አይደለም። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የሰፈረው በቅሪተ አካላቱና በድንጋይ መሣሪያዎቹ ነው። ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት የድንጋይ ፍንካች ትለካለች፣ ቁጥር ይሰጣታል፣ የተገኘችበት ቦታ በካርታ ላይ ይቀመጣል። በዚያው ሸለቆ ዛሬ በሕይወት ያለ እጅ የጠረበው እንጨት ግን ገበያ ላይ ተገዝቶ፣ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ያለ አንዲት መስመር ጽሑፍ አዲስ አበባ ይገባል። በዩኔስኮ የተመዘገቡት የማይዳሰሱ ቅርሶቻችንም ቢሆኑ ከመስቀል እስከ ጥምቀት፣ ከፍቼ ጨምበላላ እስከ ገዳ፣ በዓላትና ሥርዓቶች ናቸው፤ የጠራቢ እጅ ገና አልተቆጠረም።

የሙዚየም ባለሙያዎች በዚህ ሊቀየሙኝ አይገባም፤ ነገሩ ከእኛ ከገዢዎች ይጀምራል። ዋጋ ለመከራከር ሩብ ሰዓት የሚቆም ሰው፣ በአስተርጓሚ «ማን ሠራው? እንጨቱ ምን ይባላል?» ለማለት ሁለት ደቂቃ አያጣም። መልሱን በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ማሰር ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም።

ምሳው ካለቀ በኋላ የአበባ ማስቀመጫውን አንስቼ ቦርኮቶውን አገላበጥኩት። መቀመጫው መሃሉ ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ለገበያ የተሠራ ሳይሆን ሰው የኖረበት ነው ማለት ነው። ከጎኑ በቢላዋ ጫፍ የተጫሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። ወዳጄ ዕቃውን በቤቱ ካኖረው ቆይቷል፤ መስመሮቹን ያየው ግን ያን ዕለት ነው። ጌጥ ይሁኑ የባለቤቱ ምልክት፣ ለሁለታችንም የሚነግረን አልነበረም።