መጀመሪያ መደርደሪያው፣ ስካነሩ ኋላ

አንድ የአካባቢ ሙዚየም ወይም አነስተኛ ቤተ መዛግብት የድጋፍ ገንዘብ ለመጠየቅ ያዘጋጀውን ፕሮፖዛል አንሡና የበጀት ሠንጠረዡን ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚቀመጠው ስካነር ነው። ካሜራ፣ ኮምፒውተር፣ ድረ ገጽና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ይከተሉታል። ሰነዶቹ የተከመሩበት ክፍል፣ የሚያፈሰው ጣሪያና ወለል ላይ የተደረደረው ካርቶን ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው መስመር ውስጥ ቢገኙ ነው። ለቅርስ ጥበቃ የተሰጠ ገንዘብ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ ቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱ የአመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ለጋሾችም ፎቶ ላይ የሚያምረውን ዕቃ መግዛት ይወዳሉ።

መቀመጫውን ሮም ያደረገው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል ኢክሮም ከዩኔስኮ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባካሄደው ዳሰሳ፣ በዓለም ላይ በሙዚየም ማከማቻዎች ካሉ ስብስቦች 60 በመቶ ያህሉ አደጋ ላይ መሆናቸውን አመልክቷል። ምክንያቶቹ የቦታ ጥበት፣ የመደርደሪያ እጥረት፣ ያልተሟላ መዝገብና ባለቤቱ ያልታወቀ ኃላፊነት ናቸው፤ አንዳቸውም በስካነር አይፈቱም። ኢክሮም ለእነዚህ መፍትሔ ብሎ ያዘጋጀው «ሪ-ኦርግ» የተባለ አሠራር ሁለት ቀላል መለኪያዎች አሉት፦ ማንኛውም ዕቃ በ3 ደቂቃ ውስጥ ያለበት ቦታ መታወቅ አለበት፤ ዕቃውን ለማንሣትም ከ2 በላይ ሌሎች ዕቃዎችን ማንቀሳቀስ ሊያስፈልግ አይገባም። ይህን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም። ከመዝገቡ ላይ አሥር ቁጥሮችን በዕጣ አውጥቶ ሰዓት ይዞ መፈለግ ነው። ስድስቱ ካልተገኙ፣ ያ ተቋም በስካነር ምን እንደሚቃኝ ገና አያውቅም ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የድጋፍ ጥያቄ ለጉዳት ዳሰሳ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ቢሆን ይሻላል። 20,000 ፋይል ያለው ተቋም ሁሉንም አንድ በአንድ መመርመር የለበትም። በትክክለኛ ዕጣ የተመረጡ 400 ያህል ፋይሎች በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 የመቶኛ ነጥብ ወዲህ ወይም ወዲያ ብቻ ሊል የሚችል ግምት ይሰጣሉ። ዕጣው እውነተኛ ዕጣ ይሁን እንጂ። ከበሩ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ መርምሮ ውጤቱን ለመላው ክምችት ማዋል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱ የሚበረታው ጥግ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ጋር በተጠጋውና ማንም በማይደርስበት ታችኛው ረድፍ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል የቁሱ ዓይነት፣ መጠኑና የጉዳቱ ዓይነት (ሻጋታ፣ ተባይ፣ የወረቀት መሰባበር፣ የፕላስተር ሙጫ፣ የመርፌ ቁልፍ ዝገት) ይመዘገባል፤ ከ1 እስከ 4 ደረጃም ይሰጠዋል። 4 ማለት ሲነካ የሚረግፍ ነው። መርማሪዎቹ ሁለት ከሆኑ መጀመሪያ ተመሳሳይ 20 ፋይሎችን ለየብቻ ደረጃ ሰጥተው ውጤታቸውን ያስተያዩ። ይህ ካልተደረገ የአንዱ «2» የሌላው «3» ሆኖ ሠንጠረዡ ዋጋ ያጣል።

«ታሪካችን እየጠፋ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየፕሮፖዛሉ ስላለ ገምጋሚውን አይነካውም። «ከ400ው 90 ሻጋታ አለባቸው፣ አብዛኞቹም በአንድ ግድግዳ በኩል የተቀመጡ ናቸው» የሚል ግኝት ግን ችግሩንም፣ መፍትሔውንም፣ ወጪውንም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ምናልባት የሚያስፈልገው የአሸንዳ ጥገናና መደርደሪያውን ከግድግዳው ማራቅ ብቻ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው፤ ቅጠሉ ርካሽ ስለሆነ ግን ገንዘብ የሚጠይቅለት አይገኝም።

ከዳሰሳው ጎን ለጎን ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ። አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣል። ትልልቅ ሙዚየሞች ለአብዛኛው ስብስባቸው የተስማሙበት ክልል ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበትና ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ድሮ ይጠየቅ ከነበረው ጥብቅ ልክ በጣም የሰፋ ነው። ልኬት ሳይኖር አየር ማቀዝቀዣ መግዛት ገንዘብ ከማባከንም አልፎ ጉዳት ያመጣል። የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቆጠብ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ማቀዝቀዣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት በየዕለቱ ያለዋውጠዋል። ወረቀት፣ ብራናና እንጨት እርጥበት ሲስቡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ይላጣል፣ ጥራዙም ይላቀቃል።

ሣጥንን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሲድ አልባ፣ 2 በመቶ ያህል ካልሲየም ካርቦኔት ያለው ካርቶን ለወረቀት ይበቃል። ለፎቶግራፍ የሚሆነው መያዣ ግን ቁሱ ፎቶግራፉን እንደማይጎዳ የሚያረጋግጠውን፣ «የፎቶግራፍ እንቅስቃሴ ፈተና» የሚባለውን ያለፈ ይሁን። ፒቪሲ ፕላስቲክ አይገዛ። ከማዘዝ በፊት መዝገቦቹ በሜትር ይለኩ። ሁሉም ሣጥን በኤ4 ልክ ታዝዞ ሰፋፊዎቹ የሒሳብ መዝገቦችና ካርታዎች ውጭ የቀሩበት ፕሮጀክት ጥቂት አይደለም። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ክፍሉ ውስጥ የገባ ውኃ የሚጠራቀመው ከታች ነው።

ወደ ስካነሩ እንምጣ፤ አስፈላጊነቱን የሚክድ የለም። ችግሩ ሒሳቡ ተሠርቶ አለማለቁ ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ400 ነጥብ በኢንች ጥራት በሙሉ ቀለም ተቃኝቶ ሳይጨመቅ ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲቀመጥ 46 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። 100,000 ገጽ 4.6 ቴራባይት ይሆናል። በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱን ቅጂ ከሕንፃው ውጭ የማድረግ ደንብ ሲከበር ወደ 14 ቴራባይት ይጠጋል። ሀርድ ዲስክ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይለወጣል ቢባል፣ የሁለት ዓመት ድጋፍ የመጀመሪያውን ግዢ ብቻ ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን የሚከፍለው ተቋሙ ነው። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ዲጂታል ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር (ፋይሉ እንዳልተለወጠ ለማወቅ ኮምፒውተር ከይዘቱ የሚያሰላው ቁጥር) ተመዝግቦ በየጊዜው ካልተፈተሸ፣ ዲስኩ በጸጥታ ሲበላሽ የተበላሸው ቅጂ በደህናው ላይ ይገለበጣል። ቅኝቱ ራሱ ደግሞ ከጠቅላላ ወጪው ብዙ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ቢሆን ነው። የቀረውን የሚወስዱት ሰነድ ማዘጋጀት፣ ገላጭ መረጃ (ምስሉ የምን፣ የማንና የመቼ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ) መጻፍና ጥራት መቆጣጠር ናቸው። ገላጭ መረጃ የሌለው ምስል ደግሞ ስም አልባ ፋይል ነው።

የትኛው የለጋሽ በር ለምን እንደሚከፈት ሳያዩ አንዱን ፕሮፖዛል ለሁሉም መላክ ሌላው ድካም ነው። የብሪቲሽ ላይብረሪ «ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም» እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዋናነት የሚደግፈው ዲጂታል ቅጂ መሥራትን ነው፤ ዋናው ሰነድ ከአገሩ እንዳይወጣም ይጠይቃል። የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በተቃራኒው የሰፊ ጥበቃ ሥራ አካል ካልሆነ በስተቀር ዲጂታል ቅጂን ለብቻው እንደማይሸፍን በመመሪያው ሲገልጽ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቫ የተቋቋመው አሊፍ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ፈንድ ትኩረቱ በግጭት የተጎዳ ቅርስ ነው። ለአነስተኛ ተቋማት ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ ግን የአሜሪካው ብሔራዊ የሰብአዊ ጥናቶች ድጋፍ ድርጅት ለአገሩ ትንንሽ ተቋማት ሲሰጠው የነበረው እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ነው። ለዳሰሳ፣ ለሣጥንና መደርደሪያ፣ ለሥልጠና የሚውል ስለነበር ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የሚገባበት ቦታ ትክክል ነበር። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አስቀድሞ የፈቀዳቸውን ብዙ ድጋፎች መሠረዙም አይዘነጋ፤ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያውን ደመወዝ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የጣለ ተቋም በአንድ ደብዳቤ ባዶ እጁን ይቀራል።

ለጋሾችን የምንወቅስበት ነጥብ ግልጽ ነው። የ12 ወር ጊዜ ይሰጣሉ፤ ገንዘቡ በሦስተኛው ወር ይለቀቃል፣ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቆያል፣ ሠራተኛ ተቀጥሮ እስኪሠለጥን ግማሹ ዓመት ያልፋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት በጥድፊያ የተሠራው ሥራ ጥራት ይጎድለዋል። ደመወዝና የኤሌክትሪክ ወጪም «መደበኛ ሥራ» ተብለው ይገለላሉ። ለአነስተኛ ተቋም ግን መደበኛው ሥራ ራሱ ጥበቃው ነው። ድጋፉ በሁለት ቢከፈል ይበጃል፦ ትንሹ ክፍል ለዳሰሳና ለማከማቻ፣ ትልቁ ደግሞ የዳሰሳው ውጤት ሲቀርብ ለቅኝት። አመልካቹም ከተቋሙ በጀት ሰጪ አካል ደብዳቤ ያያይዝ፤ ደብዳቤው ከድጋፉ በኋላ ማን በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚከታተል፣ ለዲስክ መለወጫና ለሣጥን በየዓመቱ ስንት እንደሚመደብ በቁጥር ይግለጽ። ደብዳቤውን የሚፈርም ካልተገኘ፣ ከፕሮፖዛሉ የሚቀነሰው የሚቃኘው ገጽ ብዛት ይሁን፤ የመደርደሪያውና የጣሪያው ጥገና መስመር አይነካ።