ቤት ለእንግዳ

አዲስ አበባ፣ ካራ አካባቢ 160 ካሬ ቦታ አለን። 10 በ16። እንዴት እንዳገኘነው አትጠይቁኝ፣ ዕዳው ገና ትኩስ ነው። ለጊዜው የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እኛ ሽንኩርት ስናቁላላ የ3ኛ ፎቅ ሰው «ዛሬ ዶሮ ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅበት ሕንፃ ነው። ስለዚህ ቦታው እጃችን እንደገባ ባለቤቴና እኔ አንዲት ወጣት አርክቴክት ጋ በረርን። አርክቴክት ናት፣ ዘመዶቻችን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሯ» አሏት። እሷም ማረም ሰልችቷት ተወችው።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነበር።

«አራት» አልናት። እኛ ሁለት፣ ልጆች ሁለት።

አራት ብላ ጻፈች። ምስኪን። በዚያ ቤት ጉዳይ እስካሁን ከተጻፈው ቁጥር ሁሉ እውነት እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ፕላን ቆንጆ ነበር። ፎቅ የለውም፣ ሦስት መኝታ፣ መጠነኛ ሳሎን፣ ከኋላ ትንሽዬ ሰርቪስ፣ ከፊት ለፊት ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉባት ግቢ። ኢንጂነሯ እንዳስረዳችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን፣ የምሰሶዎቹም ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ቤት ምድብ «ሀ» ይለው ነበር። ጣጣው ትንሽ ነበር። «እዚሁ ሀ ላይ ብትቀመጡ ይሻላችኋል» አለችን። እውነቷን ነው። ሀ ላይ ለመቀመጥ ግን ዘመድ የሌለህ ሰው መሆን አለብህ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ፕላኑን ለእማዬ አሳየኋት።

ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ከዚያ አቃናችው። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«ሳሎኑ የታለ?»

«ይኸው።»

«ይሄ መተላለፊያው አይደለም?»

4 በ5 ነው፣ 20 ካሬ ነው፣ አሁን ካለንበት ይበልጣል አልኳት። ዝም አለች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ከቆየች በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ «እኔ ስሞት ታዲያ ሰው የት ሊቀመጥ ነው?» አለች።

ለዚህ መልስ ያለው አርክቴክት ካለ ይንገረኝ። እኔ «እድሩ ድንኳን አለው» ብዬ ሞከርኩ።

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«ሁልጊዜ አይዘንብ፣ እማዬ።»

«እኔ ክረምት ላይ ነው የምሞተው።»

ከማን እንደሰማች አላውቅም። ሳሎኑ ግን በሳምንቱ 6 በ8 ሆነ።

48 ካሬ። ከ160ው ላይ 48ቱ። ይሄኔ መኝታ ቤቶቹ ምድር ላይ አልበቃ ብለው ወደ ላይ ወጡ። ጂ ፕላስ ዋን ሆንን። ከ«ሀ» ወደ «ለ» ተዛወርን። ስትራክቸራል የሚባል ወረቀት መጣ፣ ሳኒተሪ የሚባል መጣ፣ ኤሌክትሪካል መጣ፣ የፕላኑም ዋጋ መኝታ ቤቶቹን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ግቢዋስ? መስኮት በሚከፈትበት በኩል ከጎረቤት ወሰን 2 ሜትር መራቅ አለባችሁ ተባልን፣ እና ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱባት ግቢ ረዝማ፣ ቀጥና፣ ኳስ ወዲያና ወዲህ ከማለት በቀር ሌላ ነገር የማይቻልባት ሆነች።

ሳሎን ስላችሁ የምታውቁትን ሳሎን ነው የምለው። እኔ ያደግሁበት ቤት ሳሎን ነበረው። ቁልፉ እማዬ መቀነት ላይ ነበር። ውስጡ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ከኖርነው ዕድሜ በላይ የቆየ ምንጣፍ፣ እና ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘ የዋንዛ ቡፌ አለ። ቡፌው ውስጥ ማንም ውሃ ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እኛ ጓዳ ነበርን። እራት የምንበላው፣ የምናጠናው፣ የምንጣላው ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ሳሎን ውስጥ የተነሳሁት ፎቶ ሁሉ የበዓል ልብስ ለብሼ ነው፤ በአዘቦት ልብስ መግባት ቢፈቀድልኝ ኖሮ አንድ ለናሙና ይገኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በዓመት ስንት ቀን ይከፈት እንደነበር ቆጠርኩ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ ክርስትና፣ አንድ ለቅሶ፣ እና ድንገት ሽማግሌ ሲመጣ። ዘጠኝ ቀን። ለዘጠኝ ቀን ነው 48 ካሬ።

አጼ ምኒልክ እንኳን ይሄን ለይተውት ነበር። ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሠሩት የግብር አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያበላ ነበር፤ የግቢው ከፊል በ2012 አንድነት ፓርክ ተብሎ ከተከፈተ ወዲህ ገብቶ ማየት ይቻላል። አዳራሽ ለግብር፣ እልፍኝ ለመኖሪያ። ንጉሡ ማታ እልፍኛቸው ይገባሉ። እኛ አዳራሹን ወርሰናል፣ ግብሩን ትተናል፣ እልፍኙን ደግሞ ዘንግተነዋል።

ቀጥሎ የመጡት የእድሩ ዳኛ ናቸው። የእማዬ ጎረቤት ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ማንም አልጠራቸውም፣ ግን ፎቅ ልንሠራ እንደሆነ ሰምተዋል። ኢንጂነሯ እማዬ ቤት መጥታ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሳለ ገቡ። ቡና ተቀዳላቸው። ሁለተኛውን እየጠጡ፣

«ደረጃው ስፋቱ ስንት ነው?» አሉ።

«90 ሳንቲም፣ ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ ደስ ብሏት። ስለ ደረጃ የጠየቃት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ታዲያ ሬሳው እንዴት ይዞራል?»

እርሳሷ ከእጇ ወደቀ። አምስት ዓመት ስትማር ይሄ ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም። ጋሼ ግን ልምድ አላቸው። አንድ ቤት፣ የማን እንደሆነ አልናገርም አሉ፣ ሣጥኑ ማዞሪያው ላይ እንቢ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንባውን ጠርጎ ስለ ልኬት መከራከር ጀምሮ፣ በመጨረሻ በረንዳ ላይ በገመድ ወረደ። «ሟቹ በሕይወታቸው ከፍታ የሚፈሩ ሰው ነበሩ» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ደረጃው 1 ሜትር ከ30 ሆነ። ማረፊያውም ሰፋ። እኔ ከደረጃው ጎን 2 በ2 የሆነች ትንሽ ክፍል አስስዬ ነበር፤ ጠረጴዛዬንና መጻሕፍቴን የማስቀምጥባት። ለሬሳ ተለቀቀች።

«ለመሆኑ ይሄን ቤት የምንሠራው ልንኖርበት ነው ልንሞትበት?» አለችኝ ባለቤቴ ማታ።

መልስ ሳልሰጥ እናቷ ደወሉ።

አማቴ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፣ ሐሳባቸውም አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ምሥራቅ። የጸሎት ቦታ ወደ ምሥራቅ። የአልጋው ራስጌም እንዲሁ። የሽንት ቤቱ በር ሥዕለ አድኅኖው ፊት እንዳይከፈት። ኢንጂነሯ የላይኛውን ፎቅ እንዳለ አዞረችው። ሲዞር የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከታችኛው ቧንቧ ጋር ተለያየ፣ ለማገናኘት ሌላ ወረቀት ተሣለ፣ ሌላ ብር ተከፈለ። ምሥራቅን የሚያህል ውድ አቅጣጫ አላየሁም።

ከዚያ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ በቪዲዮ ገባ። እዚያ ከሄደ 11 ዓመቱ ነው፣ ቤት ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ኦፕን ኪችን አድርጉት» አለ። እማዬ ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ እንደሌለው ስትረዳ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ወጥ ሲሠራ ሶፋው ሊበላ ነው?»

«ኮፈን ይገጠማል፣ እማዬ፣ ጭሱን ይስበዋል።»

«የስንት ሽንኩርት ጭስ? ለፋሲካ የምናቁላላው ስንት ኪሎ እንደሆነ ረሳኸው?»

ደግሞ ስሞክ ዲቴክተር ይኑር አለ። ቡና ተቆልቶ ዕጣን በሚጨስበት ቤት! በቀን ሦስት ጊዜ እየጮኸ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ይጠራልናል። ሐሳቡ በእርግጥ መጥፎ አይደለም፣ ልጅ መላክ ይቀራል።

በሽምግልና ተፈታ። ሳሎኑ ጋ ኦፕን ኪችን ይሠራል፣ ምንም ግን አይበስልበትም። ሻይ ይፈላበታል፣ እንግዳም ያየዋል። እውነተኛው ማዕድ ቤት ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ነው። እዚያ ምጣዱ አለ፤ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚጠጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል ተባለ፣ እሺ። መብራት ሲጠፋስ? ከሰርቪሱ ጎን ቆርቆሮ ተዘርግቶ የእንጨት ምድጃ። አንዱ ኪችን ሊታይ፣ አንዱ ሊበሰልበት፣ አንዱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ። ለአራት ሰው ሦስት። ከአራታችን አንዱ ገና ጡጦ ነው የሚጠባው።

ውሃውንም አልረሳነውም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ ይቀመጣል። ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ ኢንጂነሯ ይሄን ስትሰማ ምሰሶዎቹን እንደገና አወፈረቻቸው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ከደረጃው ሥር ገባ። ከደረጃው ሥር ለኔ ጠረጴዛ ታስባ የነበረች ሁለተኛዋ ቦታ ነበረች። አልተናገርኩም።

አጎቴ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ወጪው ስንት እንደሚሆን ጠየቁ። ነገርናቸው። ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ቀላል ነው። ዋናውን ቤት ታከራዩታላችሁ፣ እናንተ ሰርቪሱ ውስጥ ትገባላችሁ» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን ኪራዩን እያሰሉ ነበር። የሚገርመው ደግሞ በዚህች ከተማ ስንቱ እንዲህ እንደሚኖር ነው። ቪላ ሠርቶ፣ ተከራዩ በላይኛው በረንዳ ቡና ሲጠጣ እሱ ከታች ሆኖ ውሃ የሚያስሞላለት ባለቤት አውቃለሁ። በበዓል ቀን እንኳን «እንኳን አደረሰዎ» ሊል በሩን አንኳኩቶ ነው የሚገባው። የራሱን በር።

ባለፈው እሑድ ሰባተኛው ፕላን አለቀ። ሁሉም ተሰበሰበ። ሁሉም ረካ። እማዬ ሳሎኑ ውስጥ ለቅሶ ሲቀመጥ ዓይኗ አየ መሰለኝ፣ ፊቷ በራ። ኢንጂነሯ፣ ከሰባት ፕላን በኋላ ከቤተሰቡ አንዷ ሆናለች፣ ወረቀቷን መጠቅለል ጀመረች። ያኔ ነው እማዬ ስጦታ እንዳላት የተናገረችው። የቤት ምረቃ ስጦታ።

«ቡፌውን ሰጥቻችኋለሁ።»

ባለቤቴ አመሰገነች። ኢንጂነሯ ግን ጠቅልላ ያሰረችውን ወረቀት ፈታች። ልኬቱ ስንት ነው አለች። ሄደን ለካነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ10፣ አንድ ወጥ፣ የማይፈታ፣ አናጢው አሁን በሕይወት የለም። ኢንጂነሯ በእርሳሷ ከውጪ በር አስገባችው፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከሌላ አቅጣጫ ሞከረች። አጋደመችው። በመስኮት ሞከረች። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ሬሳው ይዞራል» አለች፣ «ቡፌው ግን አይዞርም።»

ማንም አልተናገረም። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እማዬ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው፣ ገልብጣ አየችው፣ አቃናችው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? መጀመሪያ ቡፌውን ቦታው ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ቤቱን ዙሪያውን ትሠሩታላችሁ።»

ኢንጂነሯ ሳቀች። ባለቤቴም ልትስቅ ብላ የእማዬን ፊት አየችና ተወችው። እኔ ኢንጂነሯን ለስምንተኛው ፕላን ስንት እንደምታስከፍለን ጠየቅኋት።